ሥርጉት ያስቆመችው ወፍጮ

ቅዳሜ ጠዋት፣ የአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ገና ሳይሞላ፣ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ሥርጉት ወፍጮውን አላስነሳም አለች። እህል የያዘው ሰው ከበሩ እስከ አስፋልቱ ተሰልፏል።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አያ ዋሴ ፊት ለፊቷ መጥተው ቆሙ።

«ምነው ልጄ?»

«ድንጋዩን የሚያዞረው ዘንግ ተሰንጥቋል። በሙሉ ፍጥነት ሲዞር ደህና ይመስላል። ጠፍቶ ሊቆም ሲል ግን በአንድ ዙር ሁለቴ ይመታል፤ በየቀኑም እየባሰበት ነው። ከተበጠሰ ሰው ይገድላል።»

አያ ዋሴ ደውለው ከጎንደር መካኒክ አስመጡ፤ ስማቸው የሚባል፣ በሙያው የሚኮራ ሰው ነው። ሞተሩን ራሱ አስነሳ። የካቻቢቴውን ጫፍ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። ሥርጉት ጫማዋን አውልቃ የሚንቀጠቀጠው ሲሚንቶ ላይ ቆማለች።

«ድምፁ ሸጋ ነው» አለ ስማቸው። ወደ አያ ዋሴ ጠጋ ብሎም «እዚህ ሌላ ወፍጮ አለ?» ሲል ጠየቀ።

«ባለፈው ወር ወንድሟ ከገበያው ማዶ ተክሏል።»

«ይኸው ነዋ! ደንበኛዎን ልትሰድለት ነው።»

ሰልፈኛው አጉረመረመ። ሥርጉት ሞተሩን አጥፍታ፣ ጀርባዋን ሰጥታቸው ማብሪያው ላይ ተገተረች።

«አንቺ! ዞር በይ ከዚያ!» ብሎ ጮኸ ስማቸው። ሦስቴ ደጋገመው። ንቅንቅ አላለችም። ንቀቷ አንገብግቦት ክንዷን ይዞ አዞራት።

«ለወንድምሽ ብለሽ የሰው እንጀራ ትዘጊያለሽ?»

ዓይኗን ሳትነቅል ፊቱን ትክ ብላ እያየች አስጨረሰችው።

«ወይ ዘንጉን ፍቱት፣ ወይ እኔን ጎትታችሁ አውጡኝ።»

አያ ዋሴ ጥቂት አመነቱና «ይፈታ» አሉ።

ስማቸው ሊያሳፍራት ቸኩሎ ፈታው። የወጣው ዘንግ ልሙጥ ነው፤ ጭረት እንኳ አይታይበትም። አንዳንዱ ሳቀ። እሷ ግን ነጭ ጋዝ ቀባችው፣ በጨርቅ አድርቃ ወለወለችው፣ የደቀቀ ጠመኔ ነሰነሰችበት። ትንሽ ቆይቶ፣ ከውስጥ የቀረው ጋዝ ጠመኔውን እያረጠበ፣ ቀጭን መስመር ዘንጉን ከግማሽ በላይ ዞረው።

ሳቁ ቆመ። ስማቸው በጣቱ መስመሩን ተከተለ።

«ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ» አለ። «የእኔ ጆሮ ያልያዘውን የእሷ ጆሮ እንዴት ያዘው?»

አያ ዋሴ ግራ ተጋብተው አዩት።

«የቱ ጆሮዋ? በስምንት ዓመቷ ማጅራት ገትር ካደነቆራት ወዲህ ሥርጉት ምንም ሰምታ አታውቅም።»