አንድ በር ያለው ሰፈር

ከተማዋ ስትሰፋ ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ በር ብቻ ተፈቀደ፤ አቋራጭ መንገድ የሚባል ነገር ቀረ። የወይዘሮ ጥሩአየርን ቤት ከልጃቸው ከዘነቡ ቤት የሚለየው አንድ ረጅም ግንብ ነው። ዘነቡ በወለደች ማግስት ገንፎ አገንፍተው፣ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ሊያቅፉ ተነሡ። በቀለበት መንገዱ ሦስት አውቶቡስ ቀይረው ሲደርሱ ቅቤው ረግቷል።

«እማዬ፣ ድንጋይ ነው እንዴ ያመጣሽልኝ?» ብላ ዘነቡ ሳቀች።

«እኔም እኮ መንገድ ላይ ደረቅሁ።»

ሕፃኑ ተኝቶ ነበር። ሳይነቃ የመጨረሻው አውቶቡስ ጥሩንባውን ነፋ፤ ሳያቅፉት ተመለሱ።

በነጋታው ሕፃኑ ሲያለቅስ ከጓሯቸው ሰሙና ግንቡን ተደግፈው «እሹሩሩ» አሉ። ቀስ በቀስ ዝም አለ።

«እማዬ፣ ተኝቷል» አለች ዘነቡ ከማዶ። «ግን አታቁሚ።»