ኮከቧ ዝም ስትል

የከዋክብት መከታተያ ጣቢያው አለቃ አንቴናውን ወደ ሌላ የሰማይ አቅጣጫ ለማዞር እጇን እንደ ዘረጋች፣ ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ ሲወጣ የኖረው ጠቅታ ድንገት ቆመ።

የኒውትሮን ኮከቧን ምት በዚያ ክፍል ቀኑን ሙሉ ማሰማት የቆየ ልማድ ነበር። ስፋቷ ከአንድ ከተማ የማይበልጥ፣ ክብደቷ ግን ከፀሐይ የሚልቅ፣ የሞተ ኮከብ ቅሪት ናት፤ በዞረች ቁጥር አንድ ጊዜ ጠቅ ትላለች። ሠራተኛው ሁሉ ሳይታወቀው ሻዩን የሚያማስለው በእርሷ ምት ነበር።

ሽማግሌው መምህር ከመቀመጫቸው ቀና አሉ። ዕድሜያቸውን የፈጁት አንድ ነገር ሲሟገቱ ነው፤ ከዓለም ጅማሬ ጋር የተወለዱ፣ ከአቶም የማይበልጡ ጥቁር ጉድጓዶች አሉ፤ አንዱ እንዲህ ባለች ኮከብ ላይ ቢወድቅ ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ ይበላታል፤ ድምፅዋም አንድ ቀን ይጠፋል። የሚያምናቸው አላገኙም። ዛሬ ደግሞ አንቴናው ለሌላ ሥራ ስለ ተፈለገ የክትትላቸው ማብቂያ ነበር።

“ተዋጠች!” አሉ።

“ጋሼ፣ በቅድሚያ የራሳችንን ጉድ እንይ” አለች አለቃይቱ፣ የቀድሞ ተማሪያቸው። “ባለፈው ‘ሰማይ ተናጋ’ ብለን አገር ምድሩን ካስጮህን በኋላ፣ ምልክቱ ከሻይ ማፍያው የመጣ ሆኖ አረፈ እኮ።”

“ዛሬስ ሻይ ጥደሻል?”

“ኧረ አልጣድኩም።” ሳቋ ከከንፈሯ አላለፈም። አንቴናውን ጥቂት ዘወር አድርጋ የጎረቤት ኮከብ ሰማች፤ መሣሪያው ደኅና ነው። ወደ ኮከቧ መለሰችው። ጸጥታ።

“አንዳንድ ያረጁ ኮከቦች ምታቸውን አቁመው ለጥቂት ጊዜ አረፍ ይላሉ…” አለች።

“ይህቺ አርፋ አታውቅም። ይህን በጥናትሽ የጻፍሽውም አንቺው ነሽ።”

አለቃይቱ ስልኩን ቀስ ብላ አነሣች። “እውነትዎን ነው። ለሌሎቹ ጣቢያዎች እኔው ልንገራቸው። እርስዎ ልክ ነበሩ፣ ጋሼ።”

ዕድሜ ልካቸውን የተመኙት ቃል ይህ ነበር። ጆሯቸው ግን አልተቀበለውም፤ ከድምፅ ማጉያው ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ክፍሉ፣ ሰው ጥሎት እንደ ወጣ ቤት፣ ሰፋባቸው።

“ቆዪ” አሉ። “ጥቂት ቆዪኝ፣ ልጄ።”

“ምን እንጠብቃለን?”

እርሷ ዐይኗን ወደ ጠረጴዛው ስትጥል እርሳቸውም ተከትለው አዩ፤ የገዛ ሌባ ጣታቸው እንጨቱን ይመታል። ኮከቧ ካቆመችበት አንሥቶ አንድ ምት እንኳ አላሳለፈም።

ስልኩ በእጇ እንዳለ ቀረ። ሁለቱም ጣቲቱን ያዩ ነበር።

ከዚያም ከእንጨቱና ከግድግዳው በአንድነት፦ ጠቅ።

“ጋሼ…” አለች፤ ስልኩን አስቀመጠች። “አዘንኩልዎት።”

“አንቴናሽን አሁን ማዞር ትችያለሽ” አሉ፤ ዐይናቸው እርጥብ ነበር። “መኖሯን ሰምቻለሁ።”

መራመድ የጀመረ ሕፃንን እጅ እንደሚለቅ ሰው፣ ጣታቸውን ቀስ አድርገው ከእንጨቱ አነሡ። ኮከቧ ብቻዋን ቀጠለች።