ለስንዱ የተከፈለ ፍግ

የማኅበራችን እርሻ በር ሚዛን አለው፤ የሚወጣው ሁሉ ክብደቱ በፍግ ካልተተካ አይከፈትም። ጎመናችን ገዝፎ በሬ የሚያስጠልለው በዚህ ሕግ ነው፤ ካላመናችሁ በሬውን ጠይቁት።

ስንዱ ስትዳር በሩ እሷንም መዘነ፤ ያደገችው በእርሻው ምግብ ነዋ! ሙሽራው ጉልላት በሱፍ ልብሱ የፍግ ጆንያ እያመላለሰ ከመረ። በሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ሰርጉ ሊቀር ሆነ።

"ትንሽ ነው የጎደለው፤ በጎቹን አስደንግጡልኝማ!" አልኩ።

"አፍህን ያዝ፣ አንተ ቀላጅ!" አሉኝ እናቷ እትዬ ዘነቡ። መቀስ አውጥተው የልጃቸውን ረጅም ሹሩባ ቆረጡና ከአንድ ጎመን ሥር ቀበሩት። የጎደለው ሞላና በሩ ወለል አለ፤ ስንዱም እልል ተብሎላት ወጣች።

ያ ጎመን ዛሬ ጣሪያ አልፏል። ማንም አይቀነጥሰውም። እትዬ ዘነቡ ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ቅቤ ይቀቡታል።