ቦዩ ላይ የቆመው ግድግዳ

አካፋዎቹ ሁሉ አንድ ግድግዳ ሥር ደርሰው ቆሙ። የሰፈሩ በጎ ፈቃድ ክበብ አባላት ከማለዳ ጀምረው የጎርፍ መውረጃውን ቦይ ከላይ ከአስፋልቱ ሥር ሲጠርጉ ውለዋል፤ ጭቃ፣ የተቀደደ ጎማ፣ አንድ ሙሉ ፍራሽ ሳይቀር አውጥተዋል። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው፣ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ከፊታቸው ቦዩ መሀል የተተከለው ደግሞ የማድ ቤት የኋላ ግድግዳ ነው። የክበባቸው ጸሐፊ እናት ማድ ቤት።

ጸሐፊዋ በሙያዋ ልብስ ሰፊ ናት። ሁሉም ዞር ብለው አዩዋት።

"ለእናትሽ ነግረሻቸዋል አይደል?" አሉ ሊቀመንበሩ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ጫማቸውን እስከ ማሰሪያው ጭቃ ውጦታል።

"ነግሬያታለሁ ጋሼ። ብቻ... አንዴ ዕቃ ላውጣ፤" አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

አልነገረቻትም። ማክሰኞ ስብሰባ ላይ የቦዩን መስመር በእርሳስ የሳለችው ራሷ ናት፤ "እናቴን ለኔ ተዉልኝ" ብላ አፏን ሞልታ የተናገረችውም ራሷ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። አራት ማታ ሙሉ ከእናቷ ጋር እራት በልታለች። አራቱንም ማታ ዛሬስ እነግራታለሁ እያለች፣ ስለ ጨው፣ ስለ ዚፕ መጥፋት፣ ስለማይረባው ሁሉ አውርታ ተኝታለች።

እናቷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ቀና አላለችም።

"እማዬ፣ ስሚኝማ..."

"ልታፈርሱት ነው።"

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። "ማን ነገረሽ?"

"ማን ያልነገረኝ አለ! ባለሱቁ ነገረኝ። ያ ምላሱ የማያርፍ ፀጉር አስተካካይ ነገረኝ። ካንቺ አፍ እስክሰማ ነው አራት ቀን የጠበቅሁት።" ቢላዋውን አስቀመጠች። "እኔ ጠላትሽ ነኝ? እንደ ሌባ ከጓሮ ነው የምትመጪብኝ?"

ልብስ ሰፊዋ ሻርፗን ፈትታ አሰረች፤ መልሳ ፈታች። ውጭ አካፋ ከድንጋይ ጋር ይፋጫል፤ አንድ ሰው ያስላል። ከሩቅ ነጎድጓድ ተንከባለለ።

"አባትሽ ይሄን ብሎኬት ትከሻው እስኪላጥ አንድ በአንድ ተሸክሞ ነው ያመጣው፤" አለች እናቷ። "ዕቃ ሳጥብ ብርድ እንዳይመታኝ ብሎ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ቦዩ ላይ ነው የሠራው እማዬ።" በዚህ ቤት ውስጥ ይህን ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ አባቷ በሕይወት እያለም፣ ከሞተም በኋላ። "አባዬ ደግ ሰው ነበር። ግን ቦዩን ዘጋው። አምና ከታች ያለችው ጎረቤታችን ቤት ውሃው አልጋዋ ድረስ የገባው ከኛ ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ዞሮ ነው። ዘንድሮ ደግሞ አራስ ናት። ከወለደች ገና አሥራ ሁለት ቀኗ ነው።"

ቆርቆሮው ላይ አንድ ጠብታ አረፈ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሦስት አራት ተከታትለው። ልብስ ሰፊዋ ካሁን አሁን ትጮህብኛለች፣ ካሁን አሁን ውጪልኝ ትለኛለች ስትል፣ እናቷ ከበርጩማው ተነሳች፤ ድስቱን ከምድጃው ላይ አወረደችና ዘረጋችላት።

"ትኩስ ነው፣ በጨርቅ ያዢው።"

ድስት፣ ባልዲ፣ ሰሀን፣ የዘይት ጀሪካን፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ወድቆ ለዓመታት የተረሳ ማንኪያ ሳይቀር ወደ ሳሎን ተጋዘ። ጣሪያውን በሁለት አጣና ከደገፉት በኋላ ፀጉር አስተካካዩ መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ብቅ አለ።

"እትዬ፣ አይስጉ፤ በቀስታ ነው የማነሳልዎት። እንደ ፀጉር።"

"የባሌን ጆሮ ሁለቴ የቆረጥከው አንተ አይደለህ? ይልቅ ቶሎ በል፣ ዝናቡ አይጠብቅህም።"

ውጭ ያሉት ሳቁ፤ ሊቀመንበሩም ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ ግን መሳቅ አልሆነላትም። እናቷ የቀሚሷን ጫፍ በሁለት ጣቷ ስትጠቀልልና ስትፈታ አይታለች።

የመጀመሪያው ምት ግድግዳውን ነቀነቀው። በአምስተኛው ብሎኬቱ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ሁሉም በእጃቸው እየተቀባበሉ ያነሱት ጀመር። ዝናቡ ዶፍ ሲሆን ግድግዳው እስከ ጉልበት ወርዶ ነበር። ከላይ የመጣው ድፍርስ ውሃ ፍርስራሹ ጋ ሲደርስ ተጠራቀመ፣ ወደ ጎን ሊዞር ዳዳው።

"የታችኛውን! የታችኛውን ረድፍ!" ሊቀመንበሩ ጮኹ።

ልብስ ሰፊዋ እስከ ጉልበቷ ገብታ የቀሩትን ብሎኬቶች በጥፍሯ ነቀለቻቸው። ውሃው በእግሮቿ መሀል ሾልኮ ቦዩን ይዞ ወረደ።

ቀና ስትል እናቷ ግድግዳው በነበረበት ቦታ ቆማለች። በዚያ ወገን መስኮት ኖሮ አያውቅም። አሁን ቁልቁል፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ የጎረቤታቸው በር ወለል ብሎ ይታያል። አራሷ ሕፃኗን ከኋላዋ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ፣ አፈር የሞላ ከረጢት ወደ በሯ ደፍ ትጎትታለች።

"እንዲህ ቅርብ ናት እንዴ?" አለች እናቷ፣ ለማንም ሳይሆን።

ከዚያ ጮኸች፦ "ተይው! አንቺ ልጅ፣ ተይው፣ ወገብሽን!"

አራሷ በዝናቡ ጩኸት አልሰማችም። እናቷ ቀሚሷን ሰበሰበች፤ የልጇን ትከሻ ተደግፋ ፍርስራሹን ተሻገረችና ቁልቁል ወረደች። አንድ እግር ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ዞር ብላም አላየችው።