ለሰው ንገር

«እማ፣ ስንት ጊዜ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ይተው?» አለቻት ልጇ ልክየለሽ፣ ከላፕቶፑ ቀና ሳትል። ማናለብሽ ወንበር ስባ ከጎኗ ተቀመጠች። ልጅቷ ከጠዋት ጀምራ የምትጽፈው የአንድ ፕሮግራም መመሪያ ነበር። ፕሮግራሙ ሩቅ ያሉ ኮምፒውተሮችን እየጠየቀ መሥራት አለመሥራታቸውን ያጣራል፤ መመሪያውን አንብቦ ፕሮግራሙን የሚያንቀሳቅሰው ግን ሰው ሳይሆን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። «እሱም እንደ እኔ ገና ማንበብ ጀመረ በይኛ!» አለች ማናለብሽ፣ የጎልማሶች ትምህርት ደብተሯን እንደያዘች። ልክየለሽ በደከመ ድምፅ ሳቀችና «አምስት ጊዜ» ብላ ጻፈች። «አንቺ ከገባሽ እሱም ይገባዋል። በይ አንብቢልኝ።»

ማናለብሽ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳርፋ ፊደል በፊደል ሄደች። «አምስት ጊዜ... ጠይቅ። መልስ ካጣህ... ከራስህ... አትገምት። ዝምም... አትበል። ለሰው... ንገር።» ጣቷ መጨረሻው ቃል ላይ ቆመ፤ አልነሣ አላት።

«ምነው እማ፣ ከበደሽ?»

«አልከበደኝም።» ከመቀነቷ ስልኳን ፈትታ አወጣች። «ወንድምሽ ይኸነው ደህና ነው እያልኩሽ የከረምኩት፣ ልብሽ እንዳይከፈል ብዬ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ከወረደ ወዲህ፣ ይኸው ሦስት ሳምንት በየቀኑ እደውላለሁ። አያነሣም።»

ልክየለሽ ላፕቶፑን ከደነች። አብረውት የወረዱት ጓደኞቹ ወደ ዳንግላ ከተማ መመለሳቸውን ሰምታ ነበር። ነጠላዋን አነሣችና እነሱን ልትጠይቅ በሚኒባስ ሄደች። ማናለብሽ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች።