የጋሽ ጀርባ ኮት

ጋሽ ጀርባ ሪዙን ተላጭቶ ገባ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አፉን እንደ መጋረጃ ሸፍኖት የኖረው ሪዝ ተማሪዎቹ ሳይወለዱ የበቀለ ነው። አሁን የላይኛው ከንፈሩ ፀሐይ አይቶ እንደማያውቅ ቆዳ ገርጥቷል።

"ሳቁ፣ ሳቁ። ሲወጣላችሁ ደብተር አውጡ" አለ።

እኔ መጨረሻው ዴስክ ላይ ከአንዲት ተማሪ እናት ጋር ተቀምጫለሁ። እስከ ትናንት ወንበሬ ከሰሌዳው አጠገብ ነበር፤ የሂሳብ መምህሩ ጋሽ ጀርባ በአፉ የሚለውን መስማት ለተሳናት ልጇ በእጄ እነግራት ነበር። ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች የልዩ ድጋፍ በጀት ይመድብ የነበረው አዋጅ ተሻረ። የእኔም ደመወዝ ከዚያ ነበር የሚወጣው። ዛሬ የመጣሁት ለመሰናበት ነው። እናትየዋ የመጣችው ለመወሰን ነው።

ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ነው ከሥራዋ ተነሥታ የመጣችው።

"የሰው አፍ ስታይ ከምትውል መርፌ ብትይዝ ይሻላታል" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ያለ አንቺ ከገባት ትቀጥል። ካልገባት ከነገ ጀምሮ ከእኔ ጋር ናት።"

"እስኪ እንየው፣ እትዬ።"

እኔም ተስፋ አልነበረኝም። ልጅቷ ከንፈር ታነባለች፤ ከንፈር ግን የሚሰጣት ግማሹን ነው። ሌላውን ከፊት ገጽ ትለቅመዋለች። የዚህ ሰው ፊት ደግሞ ለሰሌዳው የተዳረ ነው። እየጻፈ፣ ለሰሌዳው እያወራ፣ ጀርባውን እያሳየን ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ቅጽል ስሙም ከዚያ መጣ።

"እኔንም እኮ አስተምረውኛል" አለች እናትየዋ። "ፊታቸውን ገና ዛሬ አየሁት።"

ጠመኔ አነሣ። "ትናንት ካቆምንበት…" ብሎ እንደ ልማዱ ዞረ።

ክፍሉ በሙሉ ዴስክ ደበደበ። እናትየዋ ክንዴን ያዘችኝ።

"ይቅርታ፣ ይቅርታ!" አለ ተመልሶ እየዞረ። "ጀርባዬን ስሰጣችሁ ምቱ ያልኳችሁ እኔው ነኝ። ግን በልክ ምቱት፤ ከእንግዲህ ዴስክ የሚገዛልን የለም።"

"ዴስኩ ካልጮኸ እርስዎ የት ይዞራሉ፣ ቲቸር!" አለች አንዷ ከፊት።

እንደገና ጀመረ። አሁን ፊቱን ለክፍሉ ሰጥቶ፣ ቀኝ እጁን በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ቆልምሞ፣ ጀርባውን እንደሚያክክ ሰው ይጽፍ ገባ። ቁጥሮቹ ከሠርግ እንደሚመለስ ሰካራም እየተንጋደዱ ወረዱ። ኮቱ በጠመኔ ነጣ። ዓይኑ ግን ከልጅቷ አልተነቀለም።

ብዙ ሰው እሷን ሲያናግር አፉን እንደ አዞ ይከፍታል፤ ያኔ ምንም አይነበብም። እሱ አልጮኸም፣ አልጎተተም። እያንዳንዱን ቃል በልኩ እየቀረጸ ለቀቀው። ይህን ልክ ማንም አላሳየውም፤ እኔም አላሳየሁትም። ቤቱ መስታወት ፊት ቆሞ ለብቻው ስለ ስሌት ሲያወራ ታየኝ። ሪዙን የታዘበው እዚያ መሆን አለበት።

"እጅሽን ያዢ እንጂ!" አለች እናትየዋ።

ወደ ጭኔ አየሁ። ጣቶቼ ሳላውቀው እያስተረጎሙ ነበር። አጣመርኳቸው።

"አይታሽ እንደሆነስ?" አለችኝ።

ልጅቷ ግን ወደ ኋላ አልዞረችም። ከገባን ጀምሮ አንዴም አልዞረችም። ይህን ያስተዋልኩት ያኔ ነው፤ ደስም አለኝ፣ ከፋኝም።

እሱ ሁለት መስመር እንደጨመረ እጇን አነሣች። ተነሥታ ወደ ሰሌዳው ሄደች። ጠመኔውን ከጣቶቹ ተቀብላ፣ የመደመር ምልክቱን ቁም መስመር በአውራ ጣቷ አጠፋች። መቀነስ ሆነ። ከዚያ ወደ ከንፈሩ ጠቆመች።

ቀንሱ ብሎ ነበር፤ እኔም ሰምቼዋለሁ። ሳያይ የጻፈው እጁ ነው የደመረው። ክፍሉ በሙሉ የሰሌዳውን ገልብጧል፤ ስህተቱን ለማጥፋት ላጲስ ከዴስክ ዴስክ ይዞር ጀመር።

ጋሽ ጀርባ ሰሌዳውን አየ፣ እሷን አየ። "አፌን አምና እጄን ታዘበችው!" ብሎ ሳቀ። ሙሉ አፉ ሲስቅ ታየ።

እናትየዋ ሜትሯን በጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች።

"የሌሎቹን አስተማሪዎች ሪዝ ማን ይላጫል?" አለች።

"እንጃ፣ እትዬ" አልኩ። "ዴስኩ ግን አለ።"

ዓይኗ እሱ ላይ ነው፤ እንደገና እጁን ወደ ኋላ እያዞረ ነበር።

"ኮታቸውን አየሽው? ብብቱ ተተርትሯል። እጅ ወደ ኋላ እንዲሄድ ሆኖ አልተሰፋም።"

"አሁን ነው የተቀደደው።"

"ማታ ልጄ ይዛልኝ ትምጣ" አለች። "ጠዋት ስትመጣ ትመልስላቸዋለች።"

ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ከዚያው ከመጨረሻው ዴስክ፣ የተቆለመመ ክንዱን በአየር ላይ ትለካ ጀመር።