ያልተጠራው ስም

ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ የወጣ ሰው ቢኖር ቀጄላ ነው። ሰበታ ክር ፋብሪካ ይሠራል። ደመወዙ እጁ ሳይገባ ሩቡ ተቆርጦ ቡራዩ ይሄዳል፤ ከፈታት ሚስቱ ከወርቅቱ ጋር ለምትኖረው ልጁ ለላሊሴ ቀለብ። የቀረውን አከራዩና ባለሱቁ ይከፋፈሉታል።

አሁን ደግሞ ሁለተኛ ሚስቱ ሰብለወርቅ ልትወልድ ነው። ክፍላቸው አልጋው ከገባ ወዲህ በሩ ከግማሽ በላይ አይከፈትም።

«የልጁን አልጋ የት ልናቆመው ነው? ጣራው ላይ?» አለችው።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ሱሉልታ ያለችው እህቱ ሄመን ናት። አላነሳውም። አምና «አባታችንን በተራህ ያዝ፤ እኔ ከእንግዲህ አልችልም» ብላው፣ «ቤቴን አታውቂውም? ትንሽ ታገሺ» ካላት ወዲህ አንስቶላት አያውቅም።

በዚያው ሳምንት መጥሪያ ደረሰው። ወርቅቱ ቀለቡ ይጨመርልኝ ብላ ከስሳለች። ምክንያቷ አጭር ነው፤ «የቤቴ ሁኔታ ተለውጧል፤ ሰው ተጨምሮብኛል።»

«ሰው ነው ያለችው?» ብሎ ሳቀ፣ በቡራዩ መስመር ሚኒባስ የሚነዳው ጓደኛው ዲኖ። «ወንድ ነው እንጂ! ባርኔጣ ያደረገ፣ ረጅም። ከኋላ ነው ያየኋቸው። በጠራራ ፀሐይ፣ አስፋልት ዳር፣ እጁን ይዛው ትሄዳለች።»

«እጁን?»

«እጁን! አንተን አንድ ቀን ይዛህ ታውቃለች?»

አታውቅም።

እሁድ ቡራዩ ሄደ። ወርቅቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ላሊሴን ብቻ አወጣችለት። ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ የወንድ ካፖርት ተሰጥቷል። ደፉ ላይ የወንድ ጫማ አለ።

«ውስጥ ማን አለ?» አላት ልጁን በሹክሹክታ።

«እንዳልናገር ምያለሁ» አለች ላሊሴ።

ሲመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አራት ሆነው በተጨናነቁበት ወንበር ላይ፣ ክርኑን እንኳ ማንቀሳቀስ አልቻለም። እሷ ከነወንዷ ትበላለች፣ እሱ ይቆረጥበታል። ከተጨመረበት የቤት ኪራዩን አይችልም፤ አራስ ይዞ ጎዳና ነው። ቀለቡ እንዲቀነስለት መጠየቅ ብቻ ነው የቀረው።

በማግስቱ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ ከሚጽፈው ከሽመክት ፊት ተቀመጠ።

«ሙሉ ስም?»

«ቀጄላ ነገሳ።»

«እስከ አያት።»

«ዋቆ።» ፈገግ አለ። እናቱ ይህን ስም እስክትሞት በአፏ አላነሳችውም፤ በአገሩ ወግ ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም።

ሽመክት ለወግ ጊዜ የለውም። «ስንት ሰው ታስተዳድራለህ?»

«ሚስቴን። የሚወለደውንም።»

«ዳኛ በዚህ አይራራም። አባት የለህም?»

«አለ። ሱሉልታ፣ እህቴ ጋ።»

«ትጦራቸዋለህ?»

ቀጄላ ጉሮሮውን ጠረገ። «በል ጻፈው።»

ሽመክት ጻፈው፤ ለተጨማሪው መስመርም ሃምሳ ብር ጨምሮ ተቀበለው።

በቀጠሮው ቀን ወርቅቱ ዘግይታ ገባች። ዳኛዋ ማመልከቻውን አገላብጠው አዩ።

«አቶ ቀጄላ፣ አባትዎን ይጦራሉ?»

«እጦራለሁ፣ ክብርት ዳኛ።»

ወርቅቱ ቀና ብላ አየችው።

«ወይዘሮ ወርቅቱ፣ ቤትዎ የተጨመረው ሰው ወንድ ነው?»

«አዎ።»

«ስሙ ማነው?»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «መጥራት አይሆንልኝም።»

«ፍርድ ቤት እኮ ነው የጠየቀዎት።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቢቀጡኝም አልጠራም።»

ቀጄላ ብድግ አለ። «ይኸው! ስሙን ለመጥራት እንኳ አፍራለች! የልጄን ቀለብ የሚበላ ሰው ቤቷ አስቀምጣ፣ እኔን ጨምር ትለኛለች። እኔ መተንፈሻ አጥቻለሁ! ወንድ ከሆነ ይምጣና እዚሁ ፊቴ ይናገር!»

ዳኛዋ ወርቅቱን ረዘም አድርገው አዩዋት። ከዚያ ማመልከቻውን። ከዚያ ቀጄላን።

«የት ነው ያለው?»

«ውጭ፣ ከላሊሴ ጋር አግዳሚው ላይ» አለች ወርቅቱ በቀስታ። «ለብቻ ቤት ትቼ መምጣት አልቻልኩም።»

«ይግባ።»

በሩ ተከፈተ። ቀጄላ ፊቱን ወደ ዳኛዋ እንዳደረገ ቀረ፤ ለእንዲህ ያለ ሰው አንገት አይዞርም። የላሊሴ ትንሽ ጫማ ቀጭ ቀጭ ሲል፣ ሌላው ኮቴ ደግሞ በዝግታ ሲከተላት ሰማ። ከኋላው ቆሙ።

«ስምዎን ይንገሩን» አሉ ዳኛዋ።

«ነገሳ ዋቆ እባላለሁ፣ ክብርት ዳኛ። ዓይኔ አያይምና፣ ልጄ ቀጄላ በየት በኩል እንደቆመ ንገሩኝ።»